ያልተመረመረ ጠገራ

ለመሆኑ አንድ ሰው የሚሸጠውን ዕቃ ምንነት ሳያውቅ ቢሸጥ ይጠየቅበታልን? ካላወቀ አይጠየቅም የምንል ብዙዎች ነን። ይሁንና ማወቅ ሲችል፣ የሚያሳውቀውም ሰው ቀርቦለት ሳለ፣ «ይቅርብኝ፣ አልወቀው» ቢልስ? ይህ ጥያቄ በእኛ ቤት ተነሥቶ ወራት አከራክሮናል። በየቤታችሁ ከአያት የወረደ ዕቃ ያላችሁ አንባቢያን ነገ የሚገጥማችሁ ነገር ነውና እንደሆነው ላካፍላችሁ።

አያቴ የሰቆጣ ነጋዴ ነበሩ። ከአፋር በረሃ ተቆርጦ በግመልና በበቅሎ በበራህሌና በመቀሌ በኩል የሚመጣውን አሞሌ ጨው ሰቆጣ ገበያ ላይ ይቀበሉና ወደ ላስታ ያሻግሩ ነበር። ዛሬ የዋግ ኽምራ ስም የሚነሣው በድርቅና በጦርነት ዜና ብቻ ስለሆነ ብዙ ሰው አያውቅም እንጂ፣ ሰቆጣ በዘመኗ የሰሜን ኢትዮጵያ ጨው ከሚገላበጥባቸው ትልልቅ ገበያዎች አንዷ ነበረች። ከዚያ ንግድ የተረፈው 31 ጠገራ ብር በቆዳ ከረጢት ሆኖ ከአያቴ ወደ ሴት አያቴ፣ ከእሷ ወደ አክስቴ ተላለፈ። በ2013 ክረምት ጦርነቱ ሰቆጣ ሲደርስ አክስቴ ቤቷን ትታ ስትወጣ ከረጢቱን በመቀነቷ ሥር አሥራ ነበር። ስትመለስ የጠበቃት ቤት ጣራ አልነበረውም። እንግዲህ ወራሾች ተሰብስበን ጠገራው ይሸጥ፣ ቤቱ ይጠገን፣ የቀረው እንደ ሸሪዓው ድርሻ ይከፋፈል ብለን ተስማማን።

እዚህ ላይ ነው አሜሪካ የሚኖረው የአጎቴ ልጅ ስልክ የደወለው። «ዝም ብላችሁ እንዳትሸጡ፤ መጀመሪያ አስመርምሩ» አለን።

ነገሩ ወዲህ ነው። በአሜሪካ አሮጌ ሳንቲም መርምሮ ደረጃ የሚሰጥ ድርጅት አለ። ፒ.ሲ.ጂ.ኤስ. የሚባለው በ1986 እ.ኤ.አ.፣ ኤን.ጂ.ሲ. የሚባለው ደግሞ በ1987 እ.ኤ.አ. ሥራ ጀመሩ። ሳንቲሙ እውነተኛ መሆኑን ያረጋግጣሉ፣ መበላቱንና መጫጫሩን አይተው ከ1 እስከ 70 ነጥብ ይሰጣሉ፣ ከዚያም በማይከፈት የፕላስቲክ ማኅደር ያሽጉታል። በ2000 እ.ኤ.አ. የኤን.ጂ.ሲ. እህት ድርጅት የሆነው ሲ.ጂ.ሲ. ይህንኑ ሥራ ለሥዕላዊ የልጆች መጽሔት፣ ኮሚክ ለሚሉት፣ አመጣው፤ የእሱ ነጥብ እስከ 10 ነው። ለልጅ ጨዋታ የታተመ ወረቀት ምን ያህል ያወጣል ትሉ ይሆናል። በ1938 እ.ኤ.አ. በ10 ሳንቲም የተሸጠ፣ ሱፐርማን የሚሉት ገጸ ባሕርይ መጀመሪያ የታየበት የአክሽን ኮሚክስ ቁጥር 1 አንድ ቅጂ 9.0 ተሰጥቶት በ2014 እ.ኤ.አ. ከ3 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሸጧል። ያው ቅጂ ተቀዶና ታጥፎ ቢሆን ኖሮ ዋጋው እዚያ አይደርስም ነበር። የነጥቧ ኃይል ይህን ያህል ነው።

በእርግጥ ደረጃ ማውጣት ከአሜሪካ የመጣ ብልሃት አይደለም። የእኛ ነጋዴዎች ጠገራን ዝም ብለው አይቀበሉም ነበር። በማሪያ ትሬዛ ግንባርና ትከሻ ጌጥ ላይ ያሉትን የዕንቁ ነጠብጣቦች ይቆጥራሉ፣ ከምስሏ ሥር ያሉት ሁለት የላቲን ፊደላት ጎልተው መውጣታቸውን ያያሉ፤ የተፋቀ ከሆነ ይመልሱታል ወይም ዋጋ ይቀንሱበታል። አሞሌውም ቢሆን ጥግ ጥጉ ከተሸረፈ እንደ ሙሉ አይቆጠርም። አያቴ ጠገራን ድንጋይ ላይ ጥለው ድምፁን ያዳምጡ እንደነበር አክስቴ ትናገራለች። ልዩነቱ የያኔው መርማሪ ሻጩና ገዢው ራሳቸው መሆናቸው፣ ምርመራውም በሁለቱ ፊት መካሄዱ ነው።

ስለ ጠገራው ራሱ ጥቂት ልበል። እቴጌይቱ የሞተችው በ1780 እ.ኤ.አ. ነው፤ ሳንቲሙ ግን ከዚያ በኋላም ያንኑ ዓመተ ምሕረት ይዞ ሲመታ ኖረ። በ1935 እ.ኤ.አ. ሙሶሊኒ ኢትዮጵያን ለመውረር ሲነሣ ማተሚያውን ከቪየና ወደ ሮም አስመጣ፤ እንግሊዞችም በተከታዩ ዓመት ለንደን ላይ መምታት ጀመሩ፤ ፓሪስ፣ ብራስልስና ቦምቤይም ተከተሉ። ሁሉም «1780» ይላሉ። ስለዚህ በእጃችን ያለው ጠገራ በአፄ ቴዎድሮስ ዘመን የመጣ ይሁን በጣሊያን ጊዜ፣ ዓመተ ምሕረቱን በማንበብ አይታወቅም። የሚለየው የላባውን፣ የፈርጡንና የፊደሉን ጥቃቅን ልዩነት የሚያውቅ ዐይን ብቻ ነው። በኋላ የተመታው የተለመደው ዓይነት ከብሩ ዋጋ ብዙም አይርቅም፤ የምርመራውና የመላኪያው ወጪ ትርፉን ሊበላው ይችላል። ቀደምት የሆነውና ንጹሑ ግን የሰብሳቢ ዋጋ አለው።

ታዲያ ይመርመር ወይስ እንዳለ ይሸጥ? ክርክሩ ሲጦፍ ታላቅ አጎቴ፣ በሐቀኝነታቸው ሰፈሩ የሚመሰክርላቸው ሰው፣ እንዲህ አሉ፦ «ተዉት። ብናስመረምረውና አንዳንዱ የተቀዳ ነው ቢሉን ለገዢው መናገር ግዴታችን ይሆናል። ሳናውቅ ብንሸጥ ግን ምንም ያለብን የለም።»

እውነቱን ለመናገር በመጀመሪያ ንግግሩ ልክ መስሎኝ ነበር። ሌሊቱን ግን ሁላችንም የምናውቀው የእህል ክምር ታሪክ ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) በገበያ ሲያልፉ እጃቸውን ወደ አንድ የእህል ክምር አስገብተው ውስጡን እርጥብ ሆኖ አገኙት። ባለቤቱም ዝናብ እንደነካው ተናገረ፤ እርሳቸውም እርጥቡን ሰው እንዲያየው ከላይ ባለማድረጉ ገሠጹት፣ የሚያጭበረብር ከእርሳቸው እንዳልሆነም አስጠነቀቁ። የዚያ ነጋዴ ጥፋት ግልጽ ነው፤ ያውቅ ነበር፣ ደበቀ። እኔን ያሳሰበኝ ግን ሌላ ሰው ነው፦ ሌሊት ዝናብ ሲጥል የሰማ፣ ጠዋት ግን «እርጥብ ሆኖ ባገኘው መናገር ይኖርብኛል» ብሎ እጁን ወደ ገዛ ክምሩ ያላስገባ ነጋዴ። ይህኛው ሲጠየቅ «ወላሂ አላውቅም» ብሎ ሊምል ይችላል፤ መሐላውም ሐሰት አይሆንም። ግን ንጹሕ ነውን?

በኢማም ማሊክ ሙወጣእ ውስጥ የሚገኝ አንድ ፍርድ እዚህ ላይ ብዙ ይረዳል። አብደላህ ኢብኑ ዑመር አንድ ባሪያ ለማንኛውም ጉድለት አልጠየቅም በሚል ውል በ800 ዲርሃም ሸጡ። ገዢው በሽታ አገኘበትና ወደ ኸሊፋው ዑስማን ከሰሳቸው። ዑስማንም (ረ.ዐ.) ሲሸጡ በሽታውን እንደማያውቁ ኢብኑ ዑመር እንዲምሉ ፈረዱ። እሳቸው ግን መሐላውን እምቢ ብለው የሸጡትን መልሰው ወሰዱ፤ በኋላም በ1,500 ዲርሃም ሸጡት። «እንዳለ ውሰደው» በሚለው ውል ላይ ዑለማዎች የተለያየ አቋም አላቸው፤ የሐነፊ መዝሀብ ያሰፋዋል፣ የሻፊዒ መዝሀብ ያጠበዋል። እኔ ፈትዋ ልሰጥ አልተነሣሁም። የገረመኝ ጥያቄው የቀረበበት መንገድ ነው፤ ውሉ ምን ይላል ብቻ ሳይሆን፣ በልብህ ምን ነበር ተብሎ ተጠየቀ።

እናም ለአጎቴ አንድ ጥያቄ አቀረብሁ፦ «አጎቴ፣ ምርመራው በነፃ ቢሆን፣ መላኪያም ባይኖረው፣ እሺ ይሉ ነበር?» ብዙ ቆይተው «አልልም» አሉ። እንግዲህ ወጪው ሰበብ ነበር ማለት ነው። ወጪው ከጥቅሙ ስለሚበልጥ የማይመረምር ሰው አለ፤ እሱን ማንም አይወቅሰውም። መልሱን ስለሚፈራ የማይመረምር ሰውም አለ። ከውጭ ሲታዩ ሁለቱም ያው ናቸው፤ ሁለቱም ያልተመረመረ ዕቃ ይሸጣሉ።

አለማወቅ ሌላም ዕዳ አለው። በመሐሉ ጠገራዎቹን አስመዘንኋቸው። አንድ ጠገራ 28 ግራም ከጥቂት ይመዝናል፣ ከሺህ 833 እጁ ንጹሕ ብር ነው፤ ወደ 23.4 ግራም መሆኑ ነው። የብር የዘካ ኒሳብ 595 ግራም ነው በሚለው ስሌት 26 ጠገራ ኒሳቡን ይሞላል። የእኛ 31 ነው! ያ ከረጢት ስንት ዓመት ግድግዳ ውስጥ ተቀምጦ ማንም ሳይመዝነው ኖረ? ይህን ስነግራቸው ቤቱ ጸጥ አለ። ጉዳዩን ወደ አሊሞች ወስደነዋል።

አክስቴ ደግሞ በበኩሏ ገዢ ይምጣ ብላ 20 ያህሉን በአመድና በሎሚ ፈትጋ እንደ መስተዋት አብርታቸው ቆየችን። በሰብሳቢዎች ዘንድ የታጠበ ሳንቲም የተጎዳ ሳንቲም ነው፤ መርማሪዎቹ መታጠቡን ጽፈው ነጥብ ይነፍጉታል። ምስኪን፣ ክብር ያለው ዕቃ ንጹሕ ሆኖ ይቅረብ ብላ ነው እንጂ ማታለል በሐሳቧ አልነበረም። ቢሆንም የማያውቅ ገዢ ያን ብልጭታ አይቶ አዲስ ነው ብሎ ቢገዛስ? ከብቷን ሳያልብ አቆይታ ጡቷ ሞልቶ እንዲታይ የሚያደርግ ሻጭ በሐዲስ መከልከሉንና ገዢው እንዲመልስ ምርጫ እንደተሰጠው እናውቃለን። አክስቴ ያለ ክፋት ያንኑ ሥራ ሠርታለች። ስድስቱ ደግሞ ሴቶቻችን በአንገታቸው ሊያስሩት ተበስተዋል። መርማሪው ይህንን «ጉዳት» ይለዋል። ለእኔ ከሁሉም የሚበልጡት እነዚያ ስድስቱ ናቸው፤ ይህ ግን በነጥብ አይገባም።

ወደ አሜሪካ መላክን በተመለከተ ሌላም ነገር ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማስወጣት ይከለክላል። የአጎቴ ልጅ «በኪስ ይዞ መውጣት ቀላል ነው» ሲል አልተቀበልነውም። እውነቱን ለማወቅ ብሎ በስውር መውጣት ምን የሚሉት ነው?

በመጨረሻ የተስማማነው ይህ ነው። የታጠቡትና የተበሱት በብርነታቸው፣ በግራም፣ ታጥበዋል ተበስተዋል እየተባለ ይሸጡ። ያልታጠቡት አምስቱ ግን እዚሁ አገር ዐዋቂ ሰው ሳያያቸው አይሸጡ፤ ያ ሰው ያለው ሁሉ፣ ቢጎዳንም፣ ለገዢው ይነገር። አጎቴ እያጉረመረሙም ቢሆን ፈረሙ።

ይህን ጽፌ ብጨርስ ደስ ባለኝ ነበር። ዳሩ ግን የእኔ ጉድ ገና አልተነገረም።

ባለፈው ዓመት ሰቆጣ ሄጄ ሳለሁ የአክስቴ ጎረቤት የሆኑ ባልቴት አንድ ብር አምጥተው «ልጄ፣ ይህን ግዛኝ» አሉኝ። የምኒልክ ብር ነበር፤ ከ1894 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፓሪስ ከተመቱት አንዱ። የአንበሳው ጎፈር ሳይፋቅ ይታያል። ሳይበሳ፣ ሳይታጠብ የቆየ ነው። እኔም «በብርነቱ በሚዛን እገዛዎታለሁ» አልኋቸው። መዝነን ከፈልሁ፤ እሳቸውም መርቀውኝ ሄዱ። ያኔ ስለ ነጥብና ስለ ማኅደር ገና አልሰማሁም ነበር፤ ነገር ግን የምኒልክ ብር ከጠገራ እንደሚፈለግ በጆሮዬ ነበረ። ምን ያህል እንደሚበልጥ አልጠየቅሁም። ለምን አልጠየቅሁም? ብጠይቅ ልነግራቸው ነዋ!

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሲራራ ነጋዴን ከከተማ ውጭ ወጥቶ መቀበልን ከልክለዋል፤ የገበያውን ዋጋ ሳያውቅ በመንገድ ላይ ገዝተው እንዳይጎዱት ነው። ገበያ ደርሶ ዋጋውን ያወቀ ሻጭም ውሉን የማፍረስ ምርጫ አለው። የአሞሌ ነጋዴ የልጅ ልጅ የሆንሁት እኔ ያንን መንገድ በሰቆጣ ደጃፍ ላይ ቆሜ ጠብቄአለሁ። ስለ ጀሪር ኢብኑ አብደላህም (ረ.ዐ.) ይነገራል፤ ወኪላቸው በ300 ዲርሃም የገዛውን ፈረስ አይተው፣ ይህ ፈረስ ከዚህ ይበልጣል እያሉ ራሳቸው ዋጋውን እስከ 800 ከፍ አድርገው ለባለቤቱ ከፈሉ። ለማንኛውም ሙስሊም ቅን ልሆን ለነቢዩ ቃል ገብቻለሁ የሚል ምክንያትም ሰጡ። እኔ አጎቴን በአንድ ጥያቄ ያፋጠጥሁት ሰውዬ፣ ያንን ጥያቄ ለራሴ ብጠይቀው መልሴ የእሳቸው መልስ ነበር።

ባለፈው ሳምንት በአክስቴ ስልክ ባልቴቷን አገኘኋቸው። ብሩ ከከፈልሁት ሊበልጥ እንደሚችል፣ ውሉን ማፍረስ እንደሚችሉ፣ ገንዘቡም ከእጃቸው ወጥቶ ከሆነ ሲሸጥ እንደምንተሳሰብ ነገርኋቸው። መጀመሪያ ሳቁ። «የሸጥሁትን ሸጥሁ፣ ምን ይመልሰኛል?» አሉ። ቀጥለው ግን «ስንት ያወጣል ነው የምትለው?» ብለው ጠየቁኝ። አላስመረመርሁትም አልኋቸው። «እንግዲያ ያስመረመርህ ለት ደውልልኝ፤ ገንዘቡን ለበግ አውዬዋለሁ፣ በጓ አለች» አሉ።

ብሩ አሁን በጨርቅ ተጠቅልሎ ከቁርኣን መደርደሪያዬ ሥር ተቀምጧል። አክስቴ እንዳታጥበው ነግሬአታለሁ።