የግመሏ ተራ

ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ ይሁን፤ ደመናን ነድቶ የሞተችን ምድር ሕያው ለሚያደርጋት፣ አዋሽንም ከጊንጪ ደጋ እስከ አቤ ሐይቅ መንገዱን ለቀየሰለት ጌታ። ሰላትና ሰላም በነብያችን ሙሐመድ፣ በቤተሰባቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይስፈን። ራሴንም እናንተንም አላህን በመፍራት እመክራለሁ።

የዱብቲ ጀመዓ ሆይ! ዛሬ የምነግራችሁ ስለ ውኃ ተራ ነው።

ግመል የምታጠጡ ሰዎች ናችሁና ተራ ምን እንደሆነ ከእኔ አትማሩም። የሌላውን ተራ የነጠቀ ሰው ወሬው በዳጉ የት ድረስ እንደሚሄድ ታውቃላችሁ። የነብዩ ሷሊህ ሕዝቦች ሰሙዶችም የተፈተኑት በዚሁ ነበር። አላህ አንዲት ግመል ላከላቸውና አንዱን ቀን እሷ፣ አንዱን ቀን እነሱ እንዲጠጡ ተደነገገ። የእሷን ቀን መታገሥ አቃታቸው፤ ቋንጃዋን ቆረጡ። ቅጣታቸውን ታውቁታላችሁ። እኔን ሁልጊዜ የሚይዘኝ ግን አንድ ነገር ነው፤ ያ ቀን የተቆረጠው ለእንስሳ ነው። ሰው በሚጠጣው ውኃ ላይ ፈጣሪ ለእንስሳ የራሷን ቀን ሰጣት፤ እሱን የነካም ሕዝብ ጠፋ።

ታዲያ አዋሽ ላይ ተራውን የሚጠብቀው የመጨረሻው ጠጪ ማነው? ዓሳው ነው።

አዋሽ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ባሕር ሳይደርስ እዚሁ ምድራችን ላይ የሚያልቅ ወንዝ ነው። እኛን አልፎ በአሳይታ ያዘግማል፤ ገመሪንና አፋምቦን አጠጥቶ አቤ ላይ ያበቃል። መውጫ የለውም። ከላይ የተጣለበት ሁሉ፣ የአቃቂ ቆሻሻም ሆነ የእርሻ ኬሚካል፣ አብሮት ወደ ታች ይወርዳል። በ1952 ዓ.ም ቆቃ ተገደበ። በ1950ዎቹ ጥጥ ወደ ዱብቲ ሜዳ መጣ። በኋላም 60 ሺህ ሄክታር ያለማል ተብሎ፣ ከ1.8 ቢሊዮን ሜትር ኩብ በላይ ውኃ እንዲይዝ ታስቦ የተንዳሆ ግድብ ተሠራ። ግድብ ሐራም ነው የሚል የለም፤ ብዙዎቻችን የምንበላው ከእርሻው ነው። ግን ወንዙ ዱሮ በክረምት ከአፉ ሞልቶ ሜዳው ላይ ይተኛ ነበር። ሲመለስ ሣርና ረግረግ ትቶ ይሄድ ነበር። ያ የተኛበት ሜዳ የከብቶቻችን የበጋ ግጦሽ፣ የዓሳውም የማሳደጊያ ቤት ነበር።

ቆሮሶን ዳር ቆሞ ያያት ሰው አለ? ወንዱ ጥልቀት በሌለው ውኃ፣ ፊላው ባለበት አካባቢ፣ ጭቃውን ጠርጎ እንደ ሳህን ክብ የሆነ ጎድጓዳ ያበጃል። ሴቷ እንቁላሏን እዚያ ትጥልና መልሳ በአፏ ትለቅመዋለች። ከዚያ አፏን ዘግታ፣ እህል ውኃ ሳትል፣ ሳምንትና ከዚያ በላይ ተሸክማው ትኖራለች። ጫጩቶቹ ዋኝተው ከወጡም በኋላ አደጋ ሲመጣ እየሮጡ አፏ ውስጥ ይገባሉ። አምባዛው ደግሞ ሌላ ነው፤ ጎርፍ ሲሸተው ከጥልቁ ወጥቶ አዲስ ውኃ ወደገባበት ሣር ይሄዳል፣ እንቁላሉን ሣሩ ላይ አጣብቆ ይመለሳል። ሣሩን ውኃ ካልነካው እንቁላሉን የት ያስቀምጥ?

አንድ ቀን ወንዝ ዳር አንድ ልጅ ትንሽ ቆሮሶ ይዞ አገኘሁት። ተቀብዬ አፏን ስከፍተው እንደ ማሽላ ፍሬ ያሉ ቢጫ እንቁላሎች መዳፌ ላይ ፈሰሱ። ልጁም ዝም አለ፣ እኔም ዝም አልኩ። ያቺ ዓሳ ጾመኛ ነበረች። የያዝናትም ለልጆቿ ብላ ዳር ስለወጣች ነው።

ወንድሞቼ፣ መዲና ውስጥ መህዙር የሚባል ጎርፍ የሚወርድበት ሸለቆ ነበር። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሲፈርዱ፣ የላይኛው ውኃውን እስከ ቁርጭምጭሚት ያህል ብቻ ይዞ ከዚያ ለታችኛው እንዲለቅ አዘዙ። ከላይ መሆን ውኃውን ለብቻ አያስይዝም። እኛ ይህን ስንሰማ ዓይናችን ሽቅብ ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ ሞጆ ይሄዳል። በበጋ መንጋችን ይጠለልበት የነበረውን የጨፋን ረግረግ፣ ቦርከና ዳር እየተንጣፈፈ ማሳ ሲሆን እናስታውሳለን። እውነት ነው፣ ሐቃችን እነሱ ላይ አለ። ነገር ግን ለገመሪ ዱብቲ ላይኛ ናት! እኛ ከቁርጭምጭሚት በላይ ስንይዝ አቤ ይሸሻል። ሄዶ ያየ ሰው ያውቃል፤ ዱሮ ውኃ ውስጥ የነበሩት፣ ጭስ ማውጫ የመሰሉት የኖራ ድንጋይ ማማዎች ዛሬ ደረቅ ላይ ቆመዋል።

ይህን ብዬ ለእኔም ለእናንተም አላህን ምሕረት እለምናለሁ፤ ምሕረቱን ለምኑት።

(ኸጢቡ ለአፍታ ይቀመጣል፤ ተነሥቶም ይቀጥላል።)

አልሐምዱ ሊላህ፤ ወሰላቱ ወሰላሙ ዐላ ረሱሊላህ።

የአፋር አባቶች ደሶ አላቸው። ግጦሹን ለክፉ ቀን ከልለው ያቆያሉ፤ ያለ ፈቃድ መንጋ የሚያስገባ ይቀጣል። ነብያችንም መዲና አጠገብ ነቂዕን ለፈረሶች ግጦሽ ከልለውት ነበር። ለዓሳ ደሶ ብናደርግ ምን ይከለክለናል? ከወንዙ ተገንጥሎ የቀረ አንድ ረግረግ፣ አንድ የገመሪ ዳር፣ ሽማግሌዎች ቆመው "ከዚህ እስከዚህ መረብ አይገባም" ይበሉ። ፊላ ቦይ ይዘጋልና ከቦይ ማጽዳታችን ትክክል ነው። ቦይ ሌላ፣ ረግረግ ግን ሌላ ነው፤ እዚያ ያለውን ፊላና ቄጠማ ተዉት። እሾሃማው ዛፍ፣ ደርጊ ሐራው፣ ረግረጉን ሲወርር ግን አትማሩት፤ ጉቶውን ትታችሁ አትሂዱ፣ ከአፈር በታች ቆፍራችሁ አውጡት። ጉቶው በቀረ ቁጥር በእጥፍ ይበቅላል።

መረብ የምትጥሉ ልጆቻችን፣ የቅዳሜን ሰዎች ታሪክ ታውቃላችሁ። በተከለከሉበት ቀን ላለመያዝ ብለው በዋዜማው ወጥመድ ያዘጋጁ ነበር። እጃችን አልነካም እያሉ አላህን ሊያታልሉ ሞከሩ። ቀዳዳው የጣት ጫፍ የማያሳልፍ መረብ ይዞ "የያዝኩት ትልቁን ነው" የሚል ሰው የነሱን መንገድ ይዟል። አገራችንም በአዋጅ ቁጥር 315/1995 የዓሳ ሀብቱን ለመጠበቅ ሕግ አውጥታለች፤ እኛ ግን ከሕጉ በፊትም አማናው ነበረብን። የመድኃኒት መርጫ ታንክ ቦይ ውስጥ የምታጥቡም ስሙ፤ ሰው ውኃ የሚቀዳበትን ቦታ በሽንት ቤት ነገር የሚያቆሽሽን ነብያችን እርግማን እንደሚያመጣ አስጠንቅቀዋል። መርዝ የሚደፋውስ?

ውኃ በእጃችሁ ያለ ኃላፊዎች ሆይ! በ2012 ነሐሴ ጎርፉ ስንት ቤተሰብ ከቤቱ እንዳስወጣ አልረሳንም። ስለዚህ ሳትነግሩን ልቀቁ አንላችሁም። ግን በክረምት ለታችኛው ሜዳ የሚሆን፣ ቀኑ አስቀድሞ በሽማግሌና በሚናራ የሚነገር የውኃ ተራ ቁረጡ። ውኃ የሚጠጣ ረግረግ ካለ የጎርፉም ጉልበት ይበርዳል። ቀኑን ብቻ ንገሩን፤ እኛ ከብቱንም ልጁንም ከሜዳው እናወጣለን።

ያ አላህ! ከላይ ያሉትን ወንድሞቻችንን ልባቸውን አራራልን፤ እኛንም ለታችኞቹ አራራን። ደመናውን ላክልን፣ የላክኸውንም ለብቻችን እንዳንይዘው አድርገን። ገመሪን አታድርቅብን። ልጆቿን በአፏ ይዛ የምትጾመውን ፍጥረትህን ከመረባችን ጠብቃት። ወላጆቻችንን፣ የሞቱብንንና በመንገድ ያሉትን ሾፌሮቻችንን ማራቸው። አሚን።

ሰፋችሁን አስተካክሉ፤ ኢቃማ ይደረግ።