ያልተከልነውን ስናጭድ

ለመሆኑ ማንም ያልዘራው፣ ማንም ያላጠጣው ነገር የማን ነው? ዝናብ ያበቀለውን፣ ምንጭ ያለመለመውን ሣር ሰው እንደ ልቡ ሊወስደው ይገባዋልን? ጥያቄው ቀላል መስሎ ይታያል። እኔም ቀላል ነው እል ነበር። ሐሳቤን ያስለወጠኝ አንድ ጆንያ ቄጠማ ነው።

ቦሩ ሜዳ ከደሴ በስተሰሜን፣ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ላይ የሚገኝ ብርዳም ደጋ ነው። ታሪክ የሚያነብ ሰው በ1870 ዓ.ም. በአፄ ዮሐንስ አራተኛ ዘመን የተደረገውን የሃይማኖት ጉባኤ ያስታውስበታል። ለእኛ ለነዋሪዎቹ ግን ቦሩ ሜዳ ከሁሉ በፊት ሜዳው ነው። ክረምት ሲገባ ዝቅ ያለው ሥፍራ ይረጥባል፤ በጋ ሲሆን ደግሞ እርጥበቱ ወደ ምንጭ ዳር ይሸሻል፤ ቄጠማውም አብሮት ይሸሻል።

ቄጠማ በቤታችን ያለውን ክብር ለእናንተ መንገር አያስፈልግም። በዘመን መለወጫና በፋሲካ ይጎዘጎዛል፤ ቡና ሲፈላ ከረከቦቱ ሥር ይነሰነሳል። በቀዳም ስዑር ካህናቱ ለምእመናን ያድሉታል፣ ሕዝቡም በራሱ ላይ ያሥረዋል፤ ይህም የኖኅ ርግብ ለምለም ቅጠል ይዛ የጥፋት ውሃ መጉደሉን ያበሠረችበት መታሰቢያ ነው። በእኛ በወሎ ደግሞ ሙስሊም ጎረቤቶቻችንም ለዒድ ቤታቸውን ያለመልሙበታል። ከምንጩ ዳር የክርስቲያን ቄጠማ፣ የሙስሊም ቄጠማ የሚባል ለብቻው አይበቅልም።

እንግዲህ አንድ ዓመት በጥር ወር፣ «ለምን በየበዓሉ ቄጠማ እንገዛለን? ለምን በግቢያችን አላበዛውም?» የሚል ሐሳብ መጣልኝ። መልካም ሐሳብ ነው ብዬ መቆፈሪያ ይዤ ወደ ምንጩ ወረድኩ። ከዳር እስከ ዳር እየነቀልኩ፣ ሥሩን ከነጭቃው በጆንያ ሞልቼ ተመለስኩ። ይበቃኛል የምል አልነበርኩም።

መጀመሪያ ላይ ሥራው አልሆነልኝም። ረዥሙን ቅጠል ሳልቆርጥ በመትከሌ ግማሹ ጠወለገ። ኋላ ግን ከስሕተቴ ተማርኩ። ቄጠማ በመሬት ውስጥ አግድም የሚሄድ ወፍራም ሥር አለው። ከዚያ ላይ አንድ ቡቃያና ጥቂት ቀጫጭን ሥሮች ያሉት ጣት የሚያህል ቁራጭ ይበቃል። አገዳው ስንዝር ያህል ቀርቶ ሌላው መቆረጥ አለበት፤ ያለዚያ ገና ያልያዘው ሥር ያን ሁሉ ቅጠል ሊያጠጣ አይችልም። በማያፈስ አሮጌ ሳፋ ውስጥ ጥቁር የዋልካ አፈር አድርጎ መትከል፣ ውሃውንም ከአፈሩ በላይ አንድ ጣት ያህል ማቆም ነው። ሌላው ተክል እንዲህ ቢደረግ ሥሩ ይበሰብሳል፣ በውሃ የተዋጠ አፈር አየር የለውምና። የቄጠማ አገዳ ግን በውስጡ የአየር መተላለፊያ ክፍተቶች ስላሉት ከላይ የሳበውን አየር ወደ ሥሩ ያወርዳል። በከተማ ግቢዎች ለጌጥ የሚተከለውና ራሱን እንደ ዣንጥላ የሚዘረጋው ዓይነት ደግሞ ከዚህም ይቀላል፤ ራሱን ከትንሽ አገዳ ጋር ቆርጦ፣ የቅጠሉን ጫፍ ከርክሞ፣ ዘቅዝቆ ውሃ ውስጥ ቢያኖሩት ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ከመካከሉ ሥርና ቡቃያ ያወጣል።

የቦሩ ሜዳ ሌሊት ብርድ ስለሆነ ውርጭ ሲያሰጋ ሳፋውን ወደ ግድግዳ አስጠጋ ነበር። በየአራት ቀኑም የቆመውን ውሃ እደፋና በአዲስ እተካ ነበር። ይህ በተለይ እንደ ኮምቦልቻ ባለ ሞቃት ሥፍራ የማይታለፍ ሥራ ነው፤ የቆመ ውሃ የወባ ትንኝ ማሳደጊያ ይሆናልና። ፋሲካ ሲቃረብ ሳፋዬ አረንጓዴ ሆነ። እኔም ኮራሁ።

በበዓሉ ዋዜማ በየዓመቱ ቄጠማ የሚያመጡልን እናት መጡ። ሁልጊዜ በጀርባቸው ትልቅ እስር ይዘው ይመጡ ነበር፤ ያን ቀን ግን በክንዳቸው የያዙት ትንሽ ጭብጥ ነበር። እናቴም፣ «ዘንድሮስ ይቅርብዎ፤ ልጁ በግቢ ተክሎልናል» አለቻቸው። ሴትዮዋ ሳፋውን አዩ። ከዚያም ጭቃ የነካውን ጆንያ አዩ። አልተቆጡም። ወደ እኔ ዘወር ብለው፣ «የኔ ልጅ፣ ማጭድ የላችሁምን?» ብቻ አሉኝ።

በዚያች ቃል ሁሉ ነገር ገባኝ። እርሳቸው ለብዙ ዓመታት ከዚያ ምንጭ ዳር ሲያጭዱ ኖረዋል፤ ሥሩን ነክተው ግን አያውቁም። የታጨደው ተመልሶ ያቆጠቁጣል፤ እኔ የነቀልኩት ግን ሥፍራውን ባዶ አስቀረው። ሥር ሲያጣ አፈሩን የሚይዝ ጠፋ፤ ከብቱም ዳሩን ረግጦ ምንጩን አደፈረሰው። የዚያች እናት የበዓል ዘይትና ሽንኩርት የሚገዛው በዚያ ቄጠማ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ራሴን ለመከላከል ያቀረብኳቸውን ምክንያቶች አንድ በአንድ መርምሬአለሁ።

አንደኛው፣ «ባለቤት የለውም» የሚለው ነው። እውነት ነው፣ ሴትዮዋ አልተከሉትም። ነገር ግን በየዓመቱ ወስደው በየዓመቱ ትተውታል። ለመጭው ዓመት ማስተረፍ ራሱ አንድ ዓይነት መትከል አይደለምን? ባለቤት የለውም ያልነው ነገር አብዛኛውን ጊዜ ድምፅ የሌለው ጠባቂ አለው።

ሁለተኛው፣ «እኔ እኮ አበዛሁት» የሚለው ነው። አዎን፣ በሳፋዬ በዛ፤ በምንጩ ዳር ግን አነሰ። ደግሞም ማብዛት ሁሉ መልካም አይደለም። እምቦጭን ተመልከቱ። ይህ በውሃ ላይ የሚንሳፈፍ ተክል የትውልድ አገሩ ደቡብ አሜሪካ ነው፤ በብዙ የዓለም ክፍል የተሠራጨው ሰዎች የአበባውን ውበት ወደው ስለወሰዱት ነው። ዛሬ ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ የታየበትን የጣናን ሐይቅ ዓሣ አጥማጅና ገበሬ ብትጠይቁት ስለ ውበቱ አያወራችሁም። ስለዚህ የሚያበዛ ሰው «የት? በማን ውሃ ላይ?» ብሎ መጠየቅ አለበት።

በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 22 ስለ ወፍ ጎጆ የተሰጠ ትእዛዝ አለ። ጫጩቶቹን የሚወስድ ሰው እናቲቱን እንዲለቅ ያዛል። ልጅ ሳለሁ ለወፍ ብቻ የተነገረ ይመስለኝ ነበር። አሁን ግን ለቄጠማም የተነገረ ይመስለኛል፦ ፍሬውን ውሰድ፣ እናቲቱን ተው።

ይሁን እንጂ አንድ ጥያቄ ይቀራል። ሁላችን በግቢያችን ብንተክል ያች እናት ለማን ይሸጣሉ? ወይስ እርሳቸው እንዳይቸገሩ ብለን ማንም አይትከል እንበል? ሰውን በችግሩ ለማቆየት እጅን ማጠፍ ጽድቅ አይመስለኝም። የራስን ብቻ ሞልቶ ደጁን መዝጋትም ጽድቅ አይደለም። ለዚህ ለሁሉ ሰው የሚሆን መልስ አላገኘሁም። እኔ ያደረግሁትን ግን ልንገራችሁ።

በሰኔ ዝናቡ ሲጀምር ሳፋውን ገልብጬ፣ የበዛውን ሥር ዐሥራ ሁለት ቦታ ከፈልኩት። ከዚያም ወደ እርሳቸው ቤት ሄጄ ይቅርታ ጠየቅሁ። አብረን ወረድን፤ የት የት እንደሚተከል እርሳቸው አሳዩኝ፣ እኔ ቆፈርኩ። ዐሥራ አንዱን በምንጩ ዳር መለስን፤ አንዱን ለዘር በሳፋዬ አስቀረሁ። በቤታችንም ለበዓል የሚጎዘጎዘው እንደ ወትሮው ከእርሳቸው እንዲገዛ ተስማማን፤ የሳፋው ቄጠማ ለሚቸግረው ጎረቤት ዘር ሆኖ ይቆያል። ምንጩ ዳር ዛሬ ለምልሟል። የዚያን ዓመት ፋሲካቸውን ግን ልመልስላቸው አልቻልኩም። ሣር ተመልሶ ይበቅላል፤ ያለፈ በዓል ግን አይመለስም።

ወንድሞችና እኅቶች፤ በግቢያችሁ ትከሉ፣ አብዙም። ነገር ግን ከመንቀላችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ሥሩ ይቀራልን? ከእኔ በፊት እዚህ የሚያጭድ ማን ነው? ከበዛልኝስ ምን እመልሳለሁ? አባቶቻችን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ብለዋል። ያ ጆንያ ቄጠማ በጀርባዬ ሳለ ሸክም መሆኑን አላወቅሁም ነበር።