«አገሩ እስኪመለስ»

«ከአገሩ የወጣ አገሩ እስኪመለስ፣ ቢጭኑት አህያ፣ ቢለጉሙት ፈረስ።» ከአቀስታ እስከ መካነ ሰላም፣ ከዚያም ወደ ዓባይ ቆላ በሚያዘቀዝቀው የቦረና አገር ሁሉ ይህን ምሳሌ ሳይሰማ ያደገ ሰው ማግኘት ይቸግራል። ልጅ ወደ ሩቅ አገር ሲሸኝ፣ ቻል አድርገው ለማለት ይነገራል። ከሄደ በኋላም እዚያ የያዘው ሥራ ለወላጆቹ ጆሮ የሚከብድ ሆኖ ሲገኝ፣ አትፍረዱበት ለማለት ይኸው ቃል ይደገማል። አንዱ ምክር፣ ሌላው ምሕረት ነው፤ ሁለቱንም አከብራለሁ። ግን ምሳሌው ከዚህ አልፎ ስለ ሰው አንድ ብርቱ ነገር ይናገራል፤ መመርመር ያለበትም እሱ ነው።

ብዙ ሰው ሲፈታው አህያውን ውርደት፣ ፈረሱን ክብር ያደርገዋል፤ ስደተኛ አንድ ቀን ይዋረዳል፣ አንድ ቀን ይከበራል እንደ ማለት። ለእኔ እንዲህ አይመስለኝም። በደጋው የኖረ ሰው ፈረስ እንዴት እንደሚሸለም ያውቃል፤ ኮርቻው፣ ግላሱ፣ የአንገቱ ጌጥ፣ በጥምቀትና በሠርግ ቀን የሚጋልብበት ሜዳ። ያም ሆኖ ልጓሙ አፉ ውስጥ ነው፤ ወዴት እንደሚዞር የሚወስነው ጀርባው ላይ የተቀመጠው ነው። ስለዚህ የምሳሌው ነገር ከውርደት የከበደ ነው። በባዕድ አገር ብትከበር እንኳ የክብርህን ገመድ ሌላ ሰው ይይዘዋል ይላል።

ለዚህ የመጀመሪያው ምስክር ከዚሁ ደጋ የወጣ ሰው ነው። አባ ጎርጎርዮስ በጥንቱ ቤተ አምሐራ፣ በመካነ ሥላሴ፣ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ገደማ ተወለዱ። (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እጽፋለሁ።) መካነ ሥላሴ ዐፄ ናዖድ ያስጀመሩት፣ ልጃቸው ዐፄ ልብነ ድንግል ያስፈጸሙት፣ በወርቅ ያጌጠ ቤተ ክርስቲያን የነበረበት ቦታ ነው፤ በ1531 የኢማም አሕመድ ጦር አቃጥሎታል። አባ ጎርጎርዮስ ያደጉት እንግዲህ ትልቅ ነገር ወድቆ ባየ አገር ውስጥ ነው። በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ከካቶሊኮቹ ወገን ሆኑ። ዐፄ ፋሲለደስ ኢየሱሳውያንን ከአገር ሲያስወጡ እሳቸውም አብረው ወጡ፤ በህንድ በኩል ዞረው ሮም ደረሱ። ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ያለው፣ ከጥንት ጀምሮ ለኢትዮጵያውያን ተሳላሚዎች የተሰጠው የቅዱስ እስጢፋኖስ ገዳም መጠለያቸው ሆነ።

በ1649 ሂዮብ ሉዶልፍ የሚባል የኤርፉርት ልጅ ወደዚያ ገዳም መጣ። ዕድሜው 25 ነበር። ግዕዝን ያለ መምህር፣ ከመጽሐፍ ብቻ አጥንቷል። አነባበቡን ሲሰሙ ኢትዮጵያውያኑ ሳቃቸውን መቆጣጠር አቃታቸው። ቄስ ትምህርት ቤት ያለፈ ሰው ይህን ሳቅ ያውቀዋል፤ ተነሽ የሚባለውን ንባብ ወዳቂ፣ ወዳቂውን ተነሽ አድርጎ ያነበበ ተማሪ ላይ የሚሳቅ ሳቅ ነው። ፊደሉን መለየት ንባቡን ማወቅ አይደለም፤ ንባብ ከየኔታ አፍ ወደ ተማሪ ጆሮ ይሻገራል እንጂ በብራና ላይ አይገኝም። ሉዶልፍ በዚህ አልተቀየመም። ደጋግሞ እየሄደ ተማረ፤ ሁለቱ በግዕዝ መነጋገርን ተለማመዱ፣ ወዳጆችም ሆኑ።

ከሦስት ዓመት በኋላ የሳክስ ጎታው ገዢ ዱክ ኧርነስት አባ ጎርጎርዮስን ጋበዛቸው። አልፕስን ተሻግረው ጀርመን ገቡ፤ የ1652ን ሰኔ፣ ሐምሌና ነሐሴ በፍሪደንሽታይን ግንብ በእንግድነት አሳለፉ። ያ አገር የሠላሳ ዓመቱ ጦርነት ካበቃ ገና አራት ዓመቱ ነበር። የክርስቲያን ወገኖች በሃይማኖት ተለያይተው የተፋጁበት ምድር ነው፤ አባ ጎርጎርዮስም የወጡት በዚያው ዓይነት ጠብ ከተቃጠለ አገር ነው። የአውሮፓን ሀብትና ሥርዓት አይቶ በአገሩ ድህነት አፍሮ የተመለሰ እንግዳ ሥዕል ለዚህ ጉዞ አይስማማም። ቁስለኛ አገር ቁስለኛ አገርን ጎበኘ ማለት ይቀርባል።

ታዲያ በዚያ ግንብ ውስጥ ፈረስ ነበሩ? በአንድ በኩል አዎ። የተጠሩት ለሌሎች ጉዳይ ነው። ዱኩና ሊቃውንቱ የኢትዮጵያ ሃይማኖት ለራሳቸው ለሉተራውያን እምነት የቀረበ መሆኑን ማወቅ ፈለጉ፤ ስለ ንጉሡ፣ ስለ ሕዝቡ፣ ስለ አገሩ ወንዝና አውሬ ሁሉ ጠየቁ። ቀኑም ወሩም የእነሱ ነበር፤ እንጀራውም እንዲሁ። ክብሩ እውነተኛ ነበር፣ ልጓሙም እውነተኛ ነበር። በሌላ በኩል ግን ጥያቄው የእነሱ ቢሆን መልሱ የእሳቸው ነበር። እዚያ ግንብ ውስጥ የአባ ጎርጎርዮስን አማርኛ የሚያርም ማንም አልነበረም፤ የሉዶልፍን የሚያርሙት እሳቸው ነበሩ። ምሳሌው ይህን አላሰበም። ከአገሩ የወጣውን ሰው ባዶውን አውጥቶ ሌሎች እንዲጭኑት ይተወዋል፤ ሰው ግን ከቤቱ ሲነሣ የሆነ ነገር ይዞ ይነሣል፤ አንዳንድ ጊዜም የያዘው ነገር ከሚጫንበት ይበልጣል።

በ1661 ለንደን ላይ የሉዶልፍ የግዕዝ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት ታተመ። በ1681 በላቲን የጻፈው የኢትዮጵያ ታሪክ ወጣ፣ በዓመቱ በእንግሊዝኛ ተተረጎመ። በ1698 የአማርኛ ሰዋስውና የአማርኛ መዝገበ ቃላት ተከተሉ። የዛሬ አንባቢ የአውሮፓን የኢትዮጵያ ጥናት መሥራች ማነው ቢባል ሉዶልፍ ይላል፤ የመካነ ሥላሴውን ሰው የሚያውቃቸው ጥቂት ነው። ለሉዶልፍ ፍትሕ ለመስጠት ግን ስማቸውን አልሸሸገም። ይህን ከአባ ጎርጎርዮስ ሰማሁ እያለ በየገጹ መስክሯል፤ መልካቸውንም አስቀርጾ በመጽሐፉ አሳትሟል። ሸክሙን አስረክቦ ስሙን ያጣ ስንት ባለሙያ ስደተኛ አለ ስል፣ ይህ ትንሽ ነገር ሆኖ አይታየኝም። ዱክ ኧርነስትም አልረሳም፤ በ1663 ቫንስሌብ የሚባል የሉዶልፍ ተማሪ ወደ ኢትዮጵያ ላከ፣ መልእክተኛው ግን ከግብፅ አላለፈም።

እስከዚህ ድረስ ምሳሌው በግማሹ ይረታል፣ በግማሹ ይሸነፋል። እኔን የሚያስጨንቀኝ ግን አህያውም ፈረሱም አይደሉም። ብዙ ሰው ሳያስተውለው የሚያልፈው «አገሩ እስኪመለስ» የሚለው ነው። በ1658 አባ ጎርጎርዮስ ወደ አገራቸው ለመመለስ ተነሡ። መርከባቸው በዚያ ዘመን የሶርያ በሚባለው ጠረፍ፣ በእስክንድሩን አጠገብ ሰጠመች፤ እሳቸውም ሜዲትራንያን ውስጥ ቀሩ። ዛሬ ከመተማ ተነሥተው፣ ሱዳንንና ሊቢያን አቋርጠው፣ ወደ ሰሜን ሊሻገሩ ሲሉ የሚሰጥሙ ልጆቻችን የሚቀሩት በዚያው ባሕር ነው።

ለአንድ ወር አውሮፓ ደርሶ የሚመጣ ሰው ይህ ምሳሌ አይነካውም። ለሥልጠና ወይም ዘመድ ጥየቃ ሄዶ፣ ሦስት አራት ከተማ አይቶ፣ በሰዓቱ ስለሚመጣው ባቡር፣ ስለ ንጹሑ መንገድ፣ ስለ ሰዉ ትሕትና ያወራል። ውሸት አላወራም። የመመለሻው ቀን ትኬቱ ላይ ተጽፏል፤ ስለዚህ ማንም አይጭነውም፣ ማንም አይለጉመውም። እዚያው ከተማ ዐሥር ዓመት የኖረው ወንድሙ የሚያውቀው ሌላ ከተማ ነው። ጀርመን ወይም ጣሊያን ያለ የእኛ ሰው ስለ አዲስ መጤ ሲጠየቅ አስቀድሞ የሚያነሣው «ወረቀት አገኘ ወይ?» የሚለውን ነው። ጀርመን ጥገኝነት የጠየቀ ሰው የሚኖርበትን ክፍለ አገር ራሱ አይመርጥም፤ ይመደባል፤ በመጀመሪያዎቹ ወራትም ሥራ መያዝ አይፈቀድለትም። እዚህ ያስተማረ መምህርና እዚህ ሕሙማንን ያስታመመች ነርስ ሙያቸው እንደገና እስኪታወቅላቸው ዓመታት ይጠብቃሉ፤ እስከዚያው ያገኙትን ይሠራሉ። የወሩን እንግዳ ከነዋሪው የሚለየው የመመለሱ ነገር በማን እጅ ነው የሚለው ነው።

በዚህ መለኪያ ከሁሉ የከበደው ታሪክ የመቅደላው ነው። የበሽሎን ወንዝ ቁልቁል በሚያየው በዚያ አምባ ላይ ዐፄ ቴዎድሮስ በሚያዝያ 1868 ራሳቸውን ሲሠዉ፣ ልጃቸው ዓለማየሁ ሰባት ዓመት ሊሞላው ቀናት ቀርተውት ነበር። የእንግሊዝ ጦር ይዞት ወረደ። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ በመንገድ ላይ ሞቱ። ልጁ ከንግሥት ቪክቶሪያ ፊት ቀረበ፣ ንግሥቲቱም ወደደችው፤ ስመ ጥር ፎቶ አንሺዎች አነሡት፣ ራግቢ የሚባለው ታላቅ ትምህርት ቤት ገባ፣ ሳንድኸርስት የመኮንኖች ትምህርት ቤት ገባ። ከልጓም ሁሉ ያጌጠው ይህ ነበር። የት እንደሚኖር፣ ማን እንደሚያሳድገው፣ ምን እንደሚማር ሌሎች ወሰኑለት። በኅዳር 1879፣ በ18 ዓመቱ፣ ሊድስ ውስጥ ታሞ ሞተ፤ በዊንዘር በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ጸሎት ተቀበረ። በ2023 አፅሙ እንዲመለስ የቀረበውን ጥያቄ የባኪንግሃም ቤተ መንግሥት በአጠገቡ ያረፉትን ሌሎች ሳይነኩ ማውጣት አይቻልም ብሎ አልተቀበለውም። ይህ መልስ ለእኔ መልስ አይደለም። በሕይወት ሳለ ስለ ራሱ አንዲት ነገር እንዲወስን ያልተተወ ልጅ፣ ከሞተ በኋላ ስለ እሱ የሚወስኑት አሁንም ሌሎች መሆናቸው ልቤን ያቆስለዋል።

የምሳሌው ባለቤቶች ለምን በመመለስ ይህን ያህል እንደተማመኑ ማሰብ ያስፈልጋል። ምሳሌው የባለ ርስት ልጅ ነው። በሰሜኑ ደጋ ሰው ሰው የሚባለው በአያት በቅድመ አያቱ ርስት ላይ ሲቆም ነበር፤ ከዚያ ወጥቶ ሌላ ቀበሌ ከገባ መጤ ነው፣ ጭሰኛ ነው፣ የሌላ ሰው ጥገኛ ነው። ነገር ግን ርስቱ ይጠብቀዋል። «ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ» የሚለው ሌላው ምሳሌ የዚህ ወንድም ነው፤ ትውልዱን ቆጥሮ የመጣ ሰው ድርሻዬን ማለት ይችል ነበር። ስለዚህ «አገሩ እስኪመለስ» የሚለው ተስፋ ብቻ ሳይሆን መብትም ነበር። በ1975 የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ መሬትን የሕዝብ አደረገ፤ ጭሰኛውን ነፃ አወጣው፣ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሄዶ ለቆየው ሰው የሚጠብቅ መሬት ግን ከዚያ ወዲህ የለም። ይዞታውን ትቶ የጠፋ ሰው ሲመለስ ሌላ ሲያርሰው ሊያገኘው ይችላል።

ምሳሌው ሲነገር ያልታሰበችም አለች። ተባዕት አንቀጽ ይዞ የሚሄደው በከንቱ አይመስለኝም። ከወሎ ወደ አረብ አገር የምትሄደው ልጅ ከመሄዷ በፊትም ጀርባዋ ባዶ አልነበረም፤ እንስራው እዚያ ላይ ነበር፣ የማገዶውም እስር። ለእሷ አገር ማለት ማንም የማይጭንበት ቦታ ሆኖ አያውቅም። ደላላው ሪያድ ወይም ቤይሩት ሲያደርሳት ፓስፖርቷን ማዳሟ ትይዘዋለች፤ የውጭ ሠራተኛን ከአሠሪው ጋር በሚያስረው በከፋላ ሥርዓት አሠሪዋ ሳይፈቅድ ሥራ መቀየርም ሆነ ከአገሩ መውጣት ይቸግራታል። ለዚህ ለዚህ ምሳሌው ቃል በቃል ይፈጸማል። ችግሩ ስትመለስ ነው። በ2013 መጨረሻና በ2014 መጀመሪያ ከሳውዲ ዐረቢያ ከ150 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ሲመለሱ ብዙዎቹ የዚህ የወሎ ምድር ልጆች ነበሩ። ምሳሌው እንደሚለው ከሆነ ቦሌ ሲያርፉ ጭነቱ መውረድ ነበረበት።

አልወረደም። ስትልክ የኖረችው ገንዘብ ቤት ሆኗል፤ የቆርቆሮ ክዳን፣ የሲሚንቶ ወለል፣ ምናልባትም ባጃጅ። ቤቱ በአባቷ ስም ነው፤ ባጃጁ በወንድሟ። አንዳንዷ እጅ መንሻ ይዛ ካልመጣች የምታርፍበት አልጋ እንኳ የእሷ አይደለም። መልሳ ለመሄድ ደላላ የምትፈልገው አረብ አገር ናፍቋት አይደለም፤ የተመለሰችበት አገር ቦታ ስላላስቀመጠላት ነው። ልጄን ምሳሌ እየነገርኩ ሸኘኋት የሚሉ አባትና አጎት በየቀበሌው አሉ፤ ስለ ትዕግሥትም ስለ ምሕረትም ተናግረዋል። «የምትልከው በማን ስም ይቀመጥ?» ብሎ የጠየቀ ሽማግሌ ግን ብርቅ ነው። መካነ ሰላም ውስጥ ባንኮች አሉ፤ በልጅቷ ስም ደብተር ለማውጣት የሚያስፈልገው እሷ ገና ሳትሄድ፣ መታወቂያዋን ይዛ፣ ቤተ ሰቧ ፊት አንድ ጠዋት መሄድ ነው። ቤት መሥሪያ ቦታ ከተገዛም ውሉ ላይ የሚፈርመው ምስክር የማን ገንዘብ እንደሆነ ያውቃል፤ ስሟን አስገቡ ማለት ይችላል። ይህ የሽኝቱ ቡና ሲፈላ መነሣት ያለበት ጉዳይ ነው፣ ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው፣ እሷም እየሰማች።