የታሰሩት ግመሎች

አዲስ ገጽ ስንሐፍዝ ኡስታዙም ቤተሰቡም ደስ ይላቸዋል። የድሮውን ስንከልስ ግን የሚያይልን የለም፤ ሙራጀዓ የሚቀረው ለዚህ ይመስለኛል።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ቁርኣንን የያዘን ሰው ግመሎቹን ባሰረ ሰው መስለውታል፤ ከተከታተላቸው ይቆዩለታል፣ ከለቀቃቸው ይሄዳሉ። እሳቸው ራሳቸው በየረመዷኑ ከጅብሪል (ዐ.ሰ) ጋር ይከልሱ ነበር፤ በሞቱበት ዓመት ደግሞ ሁለት ጊዜ።

ታዲያ በልጅነት ሐፍዛችሁ የጠፋባችሁን ጁዝእ ዛሬም «ሐፍዣለሁ» ብላችሁ ትቆጥሩታላችሁ? እኔ አትቁጠሩት ባይ ነኝ፤ አደራ ነውና። ግን አፍራችሁ ከሙስሐፉ አትሽሹ፤ ሐፍረቱ ከመርሳቱ ይብሳል። አንድ ጁዝእ በመዲናው ሙስሐፍ 20 ገጽ ገደማ ነው፤ ለአምስቱ ሶላት ሲካፈል 4፣ 4 ገጽ ይደርሳል። ከበዛባችሁ፣ ዛሬ ከዐስር ሶላት በኋላ 1 ገጽ።