ንባቡ አንድ፣ ትርጓሜው ሦስት

ባቲ ላይ ያደግን ሁሉ፣ «ሥላሴ የሚለው ቃል መጽሐፋችሁ ውስጥ የት አለ?» የሚል እስላም ጓደኛ አናጣም። እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ ቃሉ እንዳለ የለም። ትምህርቱ ከንባቡ ይወጣል ብለን ልንከራከር እንችላለን፤ ነገር ግን «ተጽፏል» እና «ይወጣል» ለየቅል ናቸው። (ደግሞስ ከየትኛው መጽሐፍ? መጽሐፈ ሄኖክ በእኛ ሰማንያ አሐዱ ውስጥ አለ፤ ፕሮቴስታንቶች ግን አይቀበሉትም።)

ሩቅ መሄድ አያሻም። በ1870 ዓ.ም. ደሴ አጠገብ፣ ቦሩ ሜዳ ላይ፣ በአፄ ዮሐንስ 4ኛ ፊት ጉባኤ ተደርጎ ነበር። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 10 ኢየሱስ በመንፈስ ቅዱስ እንደ ተቀባ ይናገራል። ታዲያ መቀባት ምንድን ነው? ጸጎች ሦስተኛ ልደት ነው ይላሉ። ካሮች ደግሞ፣ ሥጋ የከበረው በተዋሕዶ ነው፣ ልደቱም ሁለት ብቻ ነው ባዮች ናቸው። ቅባቶችም አሉ፤ በቅባት የባሕርይ ልጅ ሆነ የሚሉ። ሁሉም የሚያነቡት ያንኑ መጽሐፍ ነው! በአገራችን ሊቃውንቱን ሁለት መቶ ዓመት ያህል ያጨቃጨቀው ይኸው ነው።

በቦሩ ሜዳ የፈረደው ጥቅስ አልነበረም። ከእስክንድርያ የመጣ ደብዳቤ ተነበበ፣ ንጉሡም ሁለት ልደትን አጸኑ። ሁለት ልደት ስሕተት ነው አላልንም፤ የጸናበትን መንገድ ነው የምናየው። ትርጓሜን በትእዛዝ ማጽናት የለመደ እጅ እዚያው አልቆመምና። የወሎ እስላም ይጠመቅ የሚል አዋጅ ተከተለ። ገሚሱ ተሰደደ፣ ገሚሱ ሸፈተ፤ የቀረው ቀን ክርስቲያን፣ ሌሊት እስላም ሆኖ ኖረ።