በጦር ሜዳ የወደቁትን ማሰብ



በጦርነት የሞተን ሰው እንዴት እናስበው? አንዳንዶቻችን ጀግንነቱን ብቻ እናወሳለን፤ ሌሎቻችን ጦርነቱን ስለምንጠላ የሟቹን ስም ከማንሣት እንቆጠባለን። ቅድስት ቤተ ክርስቲያን ግን ስለ ነፍሱ እንድንጸልይ ታስተምረናለች።

በሁለተኛው መጽሐፈ መቃብያን ምዕራፍ 12 እንደምናነበው፣ ይሁዳ መቃብዮስ የወደቁ ወታደሮቹን ሊቀብር በሄደ ጊዜ ሕግ የከለከለውን የጣዖት ምልክት በልብሳቸው ውስጥ አገኘ። ኃጢአታቸውን አልሸሸገም፤ እነርሱንም አልተዋቸውም። ይልቁንም 2,000 ያህል ድራክማ ብር ሰብስቦ፣ ስለ በደላቸው መሥዋዕት እንዲቀርብ ወደ ኢየሩሳሌም ላከ፤ የሙታንን ትንሣኤ ተስፋ ያደርግ ነበርና።

ይህንኑ ፍቅር በዘመናችን በሕይወታቸው ካሳዩት አንዱ አባ ቪንሰንት ካፖዳኖ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1929 በኒው ዮርክ ከተማ ተወለዱ፤ በ1958 በሜሪኖል ማኅበር ማዕርገ ክህነት ተቀብለው በታይዋን በሐዋርያዊ ተልእኮ አገለገሉ። በኋላም የአሜሪካ ባሕር ኃይል ካህን ሆነው በ1966 ወደ ቬትናም ሄዱ፤ በዚያም ከባሕር ወለድ ወታደሮች ጋር ኖሩ።

ሴፕቴምበር 4 ቀን 1967 በኩዌ ሶን ሸለቆ በተደረገው ውጊያ አንድ የጦር ክፍል በጠላት ሊዋጥ መቃረቡን ሰሙ። ከነበሩበት የተሻለ ስፍራ ወጥተው፣ ጥይት በሚዘንብበት ሜዳ ላይ ወደ ቁስለኞቹ ሮጡ። ለሚሞቱት የመጨረሻውን ምሥጢር እየፈጸሙ፣ የቆሰሉትን እየረዱ ሳለ የሞርታር ፍንጣሪ እጃቸውንና እግራቸውን አቆሰለ፤ የቀኝ እጃቸውንም ከፊል ቆረጠ። ሐኪሞቹን ግን፣ ሌሎቹን እንዲረዱ አሰናበቷቸው። በመጨረሻም ክፉኛ ወደ ቆሰለ አንድ የሕክምና ባለሙያ ሲሮጡ፣ ሊደርሱበት ጥቂት ሲቀራቸው በመትረየስ ተመትተው ወደቁ። ዕድሜያቸው 38 ዓመት ነበር። በ1969 አገራቸው ከፍተኛውን የክብር ሜዳይ ሰጠቻቸው፤ በ2006 ደግሞ «የእግዚአብሔር አገልጋይ» ተብለው ተጠሩ።

ወዳጆቻችን ሆይ፣ እኚህ ካህን ወደ ውጊያው የገቡት ሊገድሉ አልነበረም፤ ማንም ብቻውን እንዳይሞት ነበር። ስለ ወዳጆች ነፍስን አሳልፎ ስለ መስጠት ጌታችን በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 15 ያስተማረው ትምህርት በዚያ ሸለቆ ተፈጸመ።

በየቁምስናችንም ልጃቸው ወደ ጦር ሜዳ ሄዶ ያልተመለሰላቸው፣ መቃብሩንም የማያውቁ እናቶች አሉ። እነዚህን እናቶች በምን እናጽናናቸው? የልጃቸውን ሞት በማስዋብ አይደለም፤ «ጊዜ ያስረሳል» በማለትም አይደለም። አጠገባቸው እንቀመጥ፤ የልጃቸውንም ስም በመሥዋዕተ ቅዳሴ እናንሣ። መቃብሩ ለእኛ ቢሰወርም ለእግዚአብሔር አልተሰወረም።

መምህራን ሆይ፣ ሕፃናቱ በየቤታቸው የሚታሰቡትን ሙታን ስም ጠይቀው እንዲመጡና አብረው እንዲጸልዩ አድርጉ። ነገር ግን ቂምን አናውርሳቸው። በማዶ የወደቀውም እናት ነበረችው፤ ጌታችንም በመስቀል ላይ ሆኖ ለሰቀሉት ምሕረትን ለምኗል። ስለዚህ በሁለቱም ወገን ለወደቁት እንጸልይ።

በጦርነት የሞቱትን ሁሉ እግዚአብሔር በብርሃኑ ያሳርፍልን፤ ለቀሩት መጽናናትን፣ ለምድራችንም ሰላምን ይስጥልን። አሜን።