«እግዚአብሔር ይመስገን» ስንል እውነት ነውን?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ወንድሞችና እኅቶች፤ በየማለዳው ስንገናኝ «እንዴት አደርክ? እንዴት አደርሽ?» እንባባላለን። መልሱም «እግዚአብሔር ይመስገን» ነው። ቃሉ ብዙ ጊዜ ሳናስበው ከአፋችን ይወጣል። ታዲያ ያመመው፣ ያዘነ ወይም የዕለት ጉርስ የቸገረው ሰው እንዲህ ብሎ ሲመልስ ይዋሻልን?

ይህን ጥያቄ ያሳደረችብኝ እናቴ ናት። አንድ ክረምት ሙሉ ታማ ተኝታ ሳለች ጎረቤት ሊጠይቃት በገባ ቁጥር «እግዚአብሔር ይመስገን» ትል ነበር። እኔ ግን ሌሊቱን ስታቃስት እሰማ ነበርና በልቤ ተቆጣሁ። አንድ ቀን፣ «እማዬ፣ እንዲህ እያመመሽ ስለ ምኑ ነው የምታመሰግኚው?» አልኳት። «ልጄ፣ ሕመሙን መች ካድሁ? ነገር ግን ሌሊቱ ነግቷል፤ አንቺም ቡናውን አፍልተሽ አጠገቤ ተቀምጠሻል። ይህንንስ ማን ያመስግንልኝ?» አለችኝ። መልስ አጣሁ።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሴውን በሌላ ጆሮ መስማት ጀመርኩ። ጸሎተ አኰቴት ስለ ምን ያመሰግናል? እግዚአብሔር ስለ ጠበቀን፣ ስለ ረዳን፣ እስከዚህችም ሰዓት ስላደረሰን ነው። ሰዓቲቱ የፋሲካ ትሁን ወይም የዐቢይ ጾም፣ ምስጋናው አይቀርም።

ጌታችንም በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 11 እንደምናነበው በአልዓዛር መቃብር አስቀድሞ አለቀሰ፤ ቀጥሎም ዓይኑን ወደ ላይ አንሥቶ አባቱን አመሰገነ። እንባውና ምስጋናው በአንድ ቀን ሆኑ። እንግዲያው ምስጋና ኀዘንን መካድ አይደለም። ስለዚህም ያዘነውን ወንድማችንን «ለምን ደስ አይልህም?» ብለን ልንወቅሰው አይገባንም። ጌታ ከሚያለቅሱት ጋር አልቅሷልና።

እንዲያውም የምፈራው ለታመሙት ሳይሆን ለእኛ ለጤነኞቹ ነው። ቃሉ ባዶ የሚሆነው በእኛ አፍ ነው። ደስታን ለበዓል ቀን ብቻ እናቆየዋለን። የጾም ሽሮ በመሶብ ሲቀርብ፣ ከጉባኤ በኋላ ከጓደኛ ጋር እየተጫወትን ወደ ቤት ስንመለስ፣ እናት ከጓዳ በስማችን ስትጠራን እንደ ተራ ነገር እናልፈዋለን። ተራ እንዳልነበረ የምናውቀው ሲጎድል ነው።

እናቴ መስከረም ሳይጠባ ዐረፈች። ጠዋት ጠዋት ቡና ሳፈላ ያ ጥያቄዋ ይመጣብኛል፤ እንባዬም ይመጣል። ነገር ግን አጠገቧ የተቀመጥኩባቸው ማለዳዎች የእግዚአብሔር ስጦታ እንደ ነበሩ አውቄያለሁ።

ወንድሞችና እኅቶች ሆይ፤ ነገ ጠዋት «እንዴት አደርክ? እንዴት አደርሽ?» ስንባል፣ ከመመለሳችን በፊት ያገኘነውን አንዲት ነገር እንኳ በልባችን እናስብ። ያን ጊዜ «እግዚአብሔር ይመስገን» ማለታችን እውነት ይሆናል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።